እንግዳዋና ተራዋ

ፋንታዬ ትሏን ያየቻት ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የዛፍ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከአልጋዋ እንደወረደች በነጠላ ጫማ ወደ ሎሚዋ ሄደች፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ሆዳቸውን አየች። ቅጠል ሳያዩ ቁርስ መቅመስ ነውር ከሆነ ቆይቷል። ከዚያ አበባ ካለ፣ በዶሮ ላባ ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኙን ማዳረስ ነው። ንቦች የተዉትን ሥራ ሰው መቼ እንደተረከበ ፋንታዬ አታስታውስም፤ ላባ አያያዝ ያስተማረቻት እናቷ ናት።

ትሏ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተኝታለች። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ጎኗ ላይ ቡናማ ሰንበር ያለባት።

“አቦ! ሳምንት ብትመጪ ምን ነበረበት?” አለቻት ፋንታዬ።

በድሬ ሁለት ዓይነት ባለጭራ ቢራቢሮ አለ። አንዷ ተራዋ ናት። ትሏ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ትጨርሳለች፤ ሎሚ ደግሞ በራሽን የሚታደል ነገር ነው፤ ስለዚህ ትገደላለች። ሌላዋ እንግዳዋ ናት። የተራራው ጫካ ሲያልቅ ወደ ሰው ግቢ የወረደች፣ ስንት እንደቀረች እንኳ በቅጡ የማይታወቅ። እሷ ያረፈችበት ግቢ ይዘጋል። ጭስ የለም፣ ከበሮ የለም፣ መብራት የለም። ሰው አይገባም፤ የቤቱ ሰውም አይወጣም፤ ክንፍ አውጥታ እስክትበርር ድረስ። ቢራቢሮ ከሆኑ በኋላማ ማንም ይለያቸዋል። የእንግዳዋ ክንፍ ላይ ያለው ሰማያዊ መቀነት ከዳር እዳር ሳይቆረጥ ይሄዳል፤ የተራዋ መሀል ላይ ይበጣጠሳል። መከራው ትል ሳሉ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እነዚህ ግን የሁለት እናት ልጆች ሆነው መንታ መስለው ቁጭ አሉ።

ማሽን ሞክሮ ሞክሮ አቅቶታል። ስለዚህ ሕጉ ነገሩን ለሰው አፍንጫ ተወው። ትሏን ጀርባዋ ላይ በጣት ጫፍ ነካ ሲያደርጓት ተቆጥታ ከአንገቷ ላይ ሹካ የመሰለ ቀንድ ብቅ ታደርጋለች። ቀንዱ ይሸታል። የተራዋ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸታል፤ የእንግዳዋ የተቃጠለ እንጨት። ይህን የድሬ ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይጨርስ ይማረዋል። አንዴ ካወጣችው ግን ሽታው ተሟጧል፤ እስከ ማግስቱ ሌላ ሰው ልሞክር ቢል ከንቱ ድካም ነው።

ፋንታዬ በጣቷ ነካቻት። ትሏ ቀንዷን ሰደደች። ፋንታዬ አጎንብሳ ሳበችው።

የተቃጠለ እንጨት።

ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ግቢውን የሚቃኘው ቆጣሪ ብልጭ አለ። “ወይዘሮ ፋንታዬ፣ እንደምን አደሩ። በግቢዎ አንድ ትል ታይቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ምስክርነትዎን እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።” በድሬዳዋ ሰውን አንቱ የሚል ፍጡር ቢኖር ይሄ ቆጣሪ ብቻ ነው።

“ሰምቻለሁ። ጩኸትህን ቀንስ፤ ልጅቷ ተኝታለች።”

ልጅቷ ረድኤት ናት። እሑድ ሠርጓ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ከባሏ ከኢብሳ ጋር በባቡር ወደ ባሕሩ፣ ወደ ታጁራ ትወርዳለች። ኢብሳ የባሕር ውሃ ከሚያጣፍጡት ጋር የአራት ዓመት ሥራ ይዟል፤ መሀል ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ያገባ ሰው ሚስቱን ይዞ ይገባል፤ ያላገባ ብቻውን ገብቶ በሩ ይዘጋበታል። ባቡሩ ደግሞ የማንንም ሠርግ አይጠብቅም።

ፋንታዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብላለች። የረድኤት አባት በትልቁ ሙቀት ዓመት፣ ከተማው መተንፈስ አቅቶት በነበረበት ሰሞን ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ለአልጋ ሲያድሩ ኖሩ። አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትነቃለች። ፋንታዬ ለሰው ፊት ስትስቅ፣ ዳስ የሚተክሉትን ስታስተባብር፣ ማታ ማታ ለሙሽራዋ የወይባ ጭስ ስታጨስ ሰነበተች። አንድ ቀን ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ፣ “አንድ ነገር ይምጣና ይቅር” ብላ ለምናለች። በማግስቱ አፍራ ንስሐ ልትገባ ፈለገች፤ ግን ቄሱ ለረድኤት ይነግራት ይሆን ብላ ፈራችና ተወችው።

አሁን እንግዲህ ያ የለመነችው ነገር ሎሚዋ ላይ ተኝቶ ቅጠል ይበላል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ ግን አላላትም።

ረድኤት ፀጉሯን በሻሽ አስራ ወጣች። ቆዳዋ ከጭሱ ብዛት የበሰለ ማንጎ መስሏል። “እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።”

“ትል አለች።”

“ታዲያ ትልን ምን ያደርጓታል? ትል ለቃሚዎቹን ጥሪያቸው።”

“እንግዳዋ ናት።”

ረድኤት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የእናቷን ዓይን አየችና ሳቋ ጠፋ። “በሳቢያን? እኔ ከተወለድኩ በሳቢያን እንግዳ ታይቶ አያውቅም። ልክ የእኔ ሠርግ ሳምንት፣ ልክ የእኛ ሎሚ ላይ?”

“አሸተትኳት እኮ ልጄ። እኔ ምን ላድርግ?”

ረድኤት ወደ ትሏ ሄዳ ዝቅ ብላ አየቻት። በዓይን የሚለይ ነገር የለም። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር። “እንዳልሄድ ብለሽ ነው።”

“ረድኤት!”

“እንዳልሄድ ብለሽ ነው! ትናንትና ሻንጣዬን ስታጣጥፊ እያለቀስሽ እንደነበር አላየሁም መሰለሽ? ቀሚሱን አንዴ ትከቺዋለሽ፣ መልሰሽ ታወጪዋለሽ። አሁን ደግሞ ትል መጣችልሽ።”

ሌላ እናት ብትሆን በጥፊ ታጮላት ነበር። ፋንታዬ ግን የድንጋዩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“እሱማ እውነትሽን ነው” አለች። “እንድትሄጂ አልፈልግም። ትናንትም አልፈለግኩም፣ አሁንም አልፈልግም። ፈጣሪን ለምኜ ነበር፣ ይኸው ሰምቶኝ ይሆናል። ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያልሸተተኝን ሸተተኝ አላልኩም።”

“እሺ እንግዲያው ተራ ናት በያ።” ረድኤት እግሯ ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘቻት። “አንድ ቃል ናት እማዬ። ማሽኑ አይለያቸውም። ማንም አያውቅም። ተራ ናት በይ፣ ይውሰዷትና ያቃጥሏት፣ እኛ ሠርጋችንን እንደግስ።”

ነገሩ እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። ከዚህ በፊት ስንት ሰው ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና ብሎ ተራ ናት ብሎ ይሆን? ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያለቁት። ፋንታዬ እንዲህ እያሰበች ትሏን አየቻት፤ ትሏ ምንም ሳይመስላት ቅጠሏን ትቆረጥማለች። ቤቴ ብላ የመጣችን ነገር አሳልፎ መስጠት እንዴት ይሆንላታል? ልጇ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ከባሏ ተለይታ፣ አልጋ ለአልጋ ተኝታ፣ እናቷን እየጠላች ስትገላበጥ ማደሯ ታያት። ሁለቱም አላስችል አላት።

በዚህ መሀል ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የሸምሲያ ራስ ብቅ አለ። ሸምሲያ የዕድሩን ድስትና ብርድ ልብስ የምትቆጣጠር፣ ሰፈሩን በምላሷ የምታስተዳድር ሴት ናት። “እናንተ! ሙሽራና የሙሽራ እናት የሚጣሉት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ምን አስቸኮላችሁ? ዳሱ ሊመጣ ነው፣ በሩን ክፈቱ!”

ነገሩን ነገሯት። ሸምሲያ አጥሩ ላይ አገጯን አስደግፋ ዝም አለች፤ ሸምሲያ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

“ወላሂ” አለች በመጨረሻ፣ “ለጠላትም አይምጣ። ቃሉን ከሰጠሽ ያው ቤቱ ላይ ያለ ሰው በሙሉ ይዘጋበታል። ሙሽራችን እዚያች ትል ሥር ልትከርም ነው።”

ፋንታዬ ቀና አለች። “ቤቱ ላይ ያለ ሰው?”

“ያ ነው ሕጉ። ቃሉ ሲሰጥ ቆጣሪው ማን አለ ብሎ ይቆጥራል፣ ያለው እንዳለ ይቀራል።”

“ቃሉን እስክሰጥስ?”

“እስክትሰጪማ ቤትሽ ቤትሽ ነው።”

ፋንታዬ ተነሳች። ቤት ገብታ የረድኤትን ሻንጣ እየጎተተች ወጣች። የሠርጉን ቀሚስ በእጇ ላይ ጣል አድርጋዋለች። “ሸምሲያ፣ በሩ ላይ ነይ። ልጄን ውሰጃት። ካንቺ ቤት ትዳር።”

“ኧረ ሙሽራ ከጎረቤት ቤት ስትወጣ ታይቶ ይታወቃል?”

“አሁን ይታይ።”

ረድኤት አሁን ገና ነው የገባት። “አንቺስ?” አለች።

“እኔማ እንግዳ አለብኝ።”

“እማዬ፣ ያላንቺ አላገባም።”

“ታገቢያለሽ።”

“አላገባም! ማን ይመርቀኛል? ማን ይሸኘኛል? ቅድም ያልኩትን እኮ ተናድጄ ነው...” ረድኤት የሎሚውን ግንድ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች፤ ልክ መዋለ ሕፃናት የገባች ቀን የበሩን ብረት እንደያዘችው። ፋንታዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ከተማው ለሙቀቱ የሚዘጋበት ሰዓት ደርሶ ከጣቢያው ወገን ሳይረኑ ይጮሃል።

“ስሚኝ” አለቻት ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ። “አንቺ እዚህ ቀርተሽ ትልዋ ብትኖር፣ ለእኔ ብዬ ነው ያኖርኳት። አንቺ ሄደሽ ትልዋ ብትቃጠል፣ ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ። ሁለቱንም አልችለውም። አንቺም ሂጂ፣ እሷም ትኑር። አሁን ውጪልኝ፣ ሳልወላውል ውጪልኝ!”

ሸምሲያ የረድኤትን ክንድ ይዛ ወሰደቻት። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ፋንታዬ በሩን ዘጋች፣ ጀርባዋን አስደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ ቆጣሪው ፊት ቆመች።

“እንግዳዋ ናት” አለች።

“ምስክርነትዎ ተመዝግቧል። በቤቱ ያሉ ነዋሪዎች፣ አንድ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።” የበሩ ብረት ከውስጥ ቀጭ አለ።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። ከፋንታዬ ደጅ ላይ ድምፅ ክልክል ስለሆነ ድግሱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር፣ በኢብሳ አጎት ግቢ ተዘጋጀ። ሙሽራዋ ግን ከሸምሲያ ቤት ነው የምትወጣው፤ መንገዱ ደግሞ በዚህ በር ፊት ያልፋል። ፋንታዬ ከጠዋት ጀምራ ያን ሰዓት ጠበቀች። ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። ለማን? ለትሏ። ትሏ እንኳ በዚያች ቀን ቅጠል መሳይ ከረጢት ሠርታ ራሷን ከታዋለች።

መጡ። መቼም ድሬ እንዲህ ያለ ሠርግ አይታ አታውቅም። መኪኖቹ ጡሩምባቸውን አልነፉም። ኦርጋን ተሸካሚው ኦርጋኑን በጋቢ ጠቅልሎ በእግር ጣቱ ይሄዳል። ሴቶቹ እልልታቸው አምልጧቸው እንዳይወጣ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። ፋንታዬ መሬት ላይ ተኝታ፣ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት አየች። የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ አቧራ፣ የቀሚስ ጠርዝ። ስንትና ስንት እግር አለፈ። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱ ሲመጣ ልቧ ድንግጥ አለ። ነጭ ጫማ ነው፤ ሌላም ሁለት ነጭ ጫማ አይታለች። ይሄኛው ግን ቀኙን ትንሽ ወደ ውስጥ አዙሮ ይረግጣል።

እግሩ በሩ ፊት ቆመ። ቀሚሱ መሬት ላይ ተንዘረፈፈ፤ በክፍተቱ ውስጥ ሂና የነካቸው ጣቶች ገቡ። ፋንታዬ ያዘቻቸው።

“እማዬ፣ መርቂኝ” አለ ከበሩ ማዶ ሹክሹክታ።

“ውለጂ ክበጂ። ያሰብሽው ይሙላ። ባልሽ ይውደድሽ። ሙቀት አይንካሽ...” ሌላም ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋባት። “ቀሚሱ አቧራ ነክቷል፣ ተነሺ።”

ማክሰኞ ባቡሩ ሄደ። እስከ ሳቢያን ድረስ ድምፁ ይሰማል፤ ፋንታዬም ሰማችው፤ በእጅጉ አለቀሰች፤ ያለ ድምፅ ማልቀስም ለካ ይለመዳል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ተመሳሳይ ናቸው። እሳት ስለማይነድ ሸምሲያ በአጥር ላይ በሶና ቴምር በገመድ ታወርድላታለች። ቀኑ ሲመሽ መብራት የለም፣ ትተኛለች። ጠዋት ቅጠል ታያለች። ቅርንጫፉ ላይ መረብ ጣል አድርጋበታለች። ወሬ ሲያምራት ከረጢቷን ታዋራለች፤ “አንቺ ዕድለኛ፣ ስለ አንቺ ስንት እንባ እንደፈሰሰ ታውቂያለሽ?” ትላታለች። ከረጢቷ ስትነካ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ፋንታዬ ይህን መልስ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ሰው ብቻውን ሲሆን በትንሽ ነገር ይፅናናል።

ረድኤት በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩ ድምፅ ስለማያወጣ ፋንታዬ ደረቷ ውስጥ ትይዘዋለች፤ ሲንቀጠቀጥ ልቧም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቤታቸው ጠባብ ናት፣ ባሕሩ ይሸታል፣ ኢብሳ ምግብ መሥራት ጀምሯል፣ ጨው ያበዛል። አንድ ቀን ረድኤት ወሬዋን አቋርጣ፣ “እማዬ፣ ያን ቀን ስላላመንኩሽ ይቅር በይኝ” አለች። “ያቺን ቃል መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል። ለጎረቤቶቼ ሁሉ ስላንቺ ነው የማወራው። እናቴ ሠርጌን ትታ እውነት ተናገረች እላቸዋለሁ።”

“ተዪው እባክሽ፣ ምን ያስወራሻል” አለች ፋንታዬ። ደስ ግን ብሏታል። ያን ዕለት በሶው እንኳ ጣፈጣት።

ቢራቢሮዋ የወጣችው ቅጠል በማየት ሰዓት ነው። ፋንታዬ መረቡ ጋ ስትደርስ ከረጢቷ ተሰንጥቃ፣ ቢራቢሮዋ ባዶውን ልጣጭ ይዛ ተንጠልጥላለች። ክንፏ ርጥብና የተጨማደደ ነበር። ፋንታዬ አፏን በእጇ ይዛ ጠበቀች። ክንፉ ቀስ እያለ ተዘረጋ፤ ጥቁሩ ወጣ፤ ጭራው ወጣ፤ ሰማያዊው መቀነት ብቅ አለ፤ መጣ፣ መጣ፣ መሀል ላይ ደረሰና ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ብቅ አለ፣ እንደገና ተቆረጠ።

ፋንታዬ ወደ ሌላኛው ጎን ዞረች። ያው ነው።

“አይ” አለች። “አይ፣ አይሆንም።”

ቆጣሪው ብልጭ አለ። “ወይዘሮ ፋንታዬ፣ እንደምን አደሩ። የወጣችው ዝርያ፣ ተራ። ምስክርነትዎ ስህተት ተብሎ ተመድቧል። ስህተት ወንጀል አይደለም። ለማስወገድ ለቃሚ ይላካል። በሩ ተከፍቷል።”

ብረቱ ቀጭ አለ። ፋንታዬ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ሐሙስ ጠዋት አሰበች። ፊቷን አልታጠበችም ነበር። እጇንም አልታጠበችም። ከማሽተት በፊት እጅ መታጠብ፤ ይህንንም የድሬ ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይጨርስ ይማረዋል። እሷ ግን ለሙሽራዋ ስታጨስ የሰነበተችውን ጭስ አፍንጫዋ ስለለመደው ሽታው እጇ ላይ መኖሩን ረስታ፣ በዚያው ጣት ትሏን ነካች። የተቃጠለው እንጨት ወይባው ነበር፤ የገዛ እጇ።

ወይስ አልረሳችውም ነበር? አፍንጫዋ ነው የተሳሳተው ወይስ ሆዷ? እሱን ደግሞ ማን ይለይላታል? ለዚያ የሚሆን ቀንድ የለ፣ ሽታ የለ። ፋንታዬ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ስለ ሠርጉ አለቀሰች፤ ላላጨበጨበችበት፣ ላልጨፈረችበት፣ እግር ብቻ ላየችበት ሠርግ። ሲወጣላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

ቢራቢሮዋ ክንፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ተራም ብትሆን ታምራለች፤ ለነገሩ ማን ተራን አስተውሎ አይቷት ያውቃል? ከመንገዱ ጫፍ የለቃሚው መኪና ድምፅ ተሰማ። ፋንታዬ ብድግ ብላ መረቡን ገፈፈችው። “ሂጂ በቃ! ምን ታይኛለሽ? አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?” አለቻት። ቢራቢሮዋ ትንሽ ተንገዳግዳ፣ በአጥሩ ላይ አድርጋ ወደ ሸምሲያ ግቢ ተሻገረች።

ደረቷ ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

“እማዬ! ዛሬ ነው አይደል? ወጣች?”

“ወጣች።”

“እና? እሷው ናት?”

ለቃሚው በሩን ገፋ አድርጎ የመልቀሚያ ቆርቆሮውን ይዞ ገባ። ባዶውን ቅርንጫፍ አየ፣ ፋንታዬን አየ። ፋንታዬ ጀርባዋን ሰጠችው።

“እሷው ናት ልጄ” አለች። “እንዴት ታምራለች መሰለሽ።”

ከታጁራ እልልታ ቀለጠ። ረድኤት እልል ትላለች፣ ኢብሳ ከኋላ ምን ተፈጠረ እያለ ይጮሃል፣ እሷ ታለቅሳለች ትስቃለች። “አላልኩህም?” ትለዋለች፣ “እናቴ ውሸት አታውቅም አላልኩህም?”

ፋንታዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

“አሁን እሱን ተዪውና” አለቻት፣ “ቁርስ በልተሻል?”